እጀታውን ማንም ያዞረዋል

«ይሄን ልብስ አውልቁላት» አለ ሉ ሻንገን፣ በመስታወቱ ሣጥን ላይ እንዳጎነበሰ። «እህቴ ይሄን ለብሳ ከዚህ ቤት አትወጣም።»

በአዳራሹ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ለቀስተኞች የሐብሐብ ፍሬ መፈልፈላቸውን ገታ አደረጉ። ውጭ ድንኳን ሥር ማህጆንግ የሚጫወቱት ብቻ ምንም ሳይሰሙ ድንጋዮቻቸውን ማንኳኳት ቀጠሉ። ከሣጥኑ ሥር የማቀዝቀዣው ሞተር ይንገራገራል፣ ጸጥ ይላል፣ ደግሞ ይንገራገራል።

ሟቿ ሉ ቢሊያን ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ኮት ለብሳ ተጋድማለች። ኮቱ ከደረት እስከ ወገብ በራሷ ፋብሪካ በተሠሩ የሚያብረቀርቁ ቁልፎች ተቆልፏል። በግራ ደረቷ ላይ ትንሽ ቀይ የፓርቲ ዓርማ ተሰክቷል። ልጇ ሺያ ዪሚንግ ነጭ የሐዘን ጨርቁን በግንባሩ እንዳሰረ ቀረብ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልብሱ እናቱ በክፍለ ሀገሩ ስትሸለም የለበሰችው እንደሆነ፣ እንዲህ ትልበስ ብሎ የወሰነውም የፋብሪካው የፓርቲ ቅርንጫፍ እንደሆነ አስረዳ።

«ፓርቲው ወንድሟ ነው?» አለ ሻንገን። «እኔ ነኝ ወንድሟ። ሙት ቁልፍ ያለው ልብስ እንደማይለብስ፣ የልጅ ልጅ ዕድል እንደሚዘጋ እናትህ አላስተማረችህም?»

«አጎቴ፣ እናቴ እኮ በቁልፍ ነው ያሳደገችን።»

«ሸጣ ነዋ። ለብሳው አልሞተችም።»

አንዲት አሮጊት አፏን በእጅጌዋ ሸፍና ሳቀች። ዪሚንግ ፊቱ ቀላ፤ ሚስቱን በዓይኑ ጠቀሳት። ሴቶቹ መጋረጃ ጋርደው በክር የሚታሰረውን የሙት ልብስ ሊያለብሷት ጀመሩ። ሻንገን የማቀዝቀዣው ሞተር ሲጠፋ ሰምቶ ወጣ፤ ግን አንድ ቦታ መቆም አልቻለም። እስከ መንገዱ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሲጋራ ለኮሰ፣ ግማሹን ሳያጨስ ጣለው።

በሊያንሺ የሴት ሬሳ ከቤት የሚወጣው የትውልድ ቤቷ ሰው፣ ወንድም ካላት ወንድሟ፣ አይቶ መርምሮ «ትሂድ» ሲል ነው። የባል ወገን ባለሥልጣን ቢሰበስብ፣ የሬሳ ማቃጠያ ቤቱ መኪና ሞተሩን አስነስቶ ቢጠብቅ፣ ያቺ አንዲት ቃል ካልወጣች ሣጥኑን የሚነካ የለም። እህቱን ያስራበውን አማቹን በጉልበቱ ያስኬደ ወንድም በየመንደሩ ይተረክለታል። ሻንገን በሕይወቱ ሌላ ሥልጣን ደርሶት አያውቅም። ይቺን ግን ከእስር ቤት ከወጣ ጀምሮ፣ የብስክሌት ጎማ እየለጠፈ፣ ጸጉሩ እስኪሸብት ጠብቋታል። እህቱ ትልቋ እንደመሆኗ ቀድማ ትሞታለች ብሎ አስልቶ ነበር። እንዲህ ያለ ስሌት የሚያስቀይም ከሆነ ይቀየሙት፤ እሱም ተቀይሞ ነው የኖረው።

የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፋብሪካው የእሷና የእሱ እንደነበረ፣ በፋብሪካውም ሰበብ እስር ቤት የገባው እሱ እንደሆነ በሕዝብ ፊት ይነገር። ያ ካልተነገረ «ትሂድ» አይልም።

* * *

ቢሊያን ማን እንደነበረች የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እንደየኪሱ። ለሠራተኛው እመቤት፣ ለባንኩ ጥሩ ደንበኛ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ግብር፣ ለፓርቲው አርአያ። ለሻንገን ግን ከሁሉ በፊት ቅርጫት ተሸክማ ከፊቱ የምትሮጥ ቀጭን ልጅ ነበረች።

ያኔ አንድ ሰው የራሱን ነገር ሠርቶ መሸጥ እንደ ሌብነት የሚታይበት ዘመን ነው። ቢሊያን ከሻንጋይ የመንግሥት ፋብሪካ የተጣለ እንከን ያለበት ቁልፍ በጆንያ ታመጣለች፤ ደህና ደህናውን ትለቅምና በጀልባ መሻገሪያው ላይ ለሰፊዎች ታከፋፍላለች። ጣቷን ጆንያ ውስጥ ከታ ሳታይ፣ የተሰነጠቀውን ከደህናው ትለያለች። ኋላ አንድ አሮጌ ማሽን ገዛች፤ እጀታው ሲዞር የፕላስቲክ ሉህ እየበሳ ቁልፍ የሚያወጣ። መኝታ ቤቷ ውስጥ ተከሉት። ድምፁ እንዳይሰማ ከሥሩ ብርድ ልብስ አነጠፉ። ሻንገን ያዞራል፤ እሷ ትሸጣለች። ጎረቤት ሲጠይቅ «ወንድሜ አኩሪ አተር እየፈጨ ነው» ትላለች። አንድ ቀን ጎረቤቱ ሳህን ይዞ ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ ሊገዛ መጣ። ቢሊያን ፊቷ ቅጭም ሳይል «ገና አልረጋም፣ ትንሽ ቆይ» አለችና በጓሮ ዘልላ፣ ገበያ ሮጣ፣ ቶፉ ገዝታ መጥታ በኪሳራ ሸጠችለት። ሰውዬው ሲወጣ ሁለቱ ብርድ ልብሱ ላይ ወድቀው እስኪታመሙ ሳቁ። ጎረቤቱ ቶፉውን ወደደው። ከዚያ በኋላ ለስንት ጊዜ ቶፉ አቀረቡለት።

ሻንገን ይህን ሲያስታውስ ሊስቅ ቃጣውና በራሱ ተናደደ። ሌላ ሲጋራ ለኮሰ።

* * *

የከተማው የፓርቲ ጸሐፊ ጓድ ፓን ከሰዓት መጣ። ወጣት ነው፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ለስላሳ እጅ፣ ለሁሉም የሚበቃ ፈገግታ። ሦስቴ እጅ ነስቶ፣ ዕጣን የሚሰካ ሰው ሲያይ እንዳላየ ዞር ብሎ፣ ተቀመጠ። የፓርቲ አባል ሲሞት ዕጣንና ለሟች ወዲያኛው ዓለም ይደርሳል የሚባል የወረቀት ቤት ማቃጠል ክልክል ነው። የዪሚንግ ሚስት ለአማቷ ያሠራችው ባለ ሁለት ፎቅ የወረቀት ቤት ከእነ መኪናው ከመጋዘኑ ጀርባ በሸራ ተሸፍኖ ተራውን ይጠብቃል። ፓን ሲመጣ በሸራው አጠገብ ነው ያለፈው።

ስንብቱ ላይ የሚያነበውን ንግግር ለቤተሰቡ አሳየ። ሻንገን ትምህርት ብዙ ስላልገፋ በጣቱ እየተከተለ ቀስ ብሎ አነበበ። በኮምዩኑ የፓርቲ ኮሚቴ አመራር የሊያንሺ የጋራ ቁልፍ ፋብሪካ መመሥረቱን፣ ጓድ ሉ ቢሊያንም ከመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች አንዷ መሆናቸውን የሚለው ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«በገዛ መኝታ ቤቷ ተቀጠረች በሉኛ» አለ።

ፓን ፈገግ እንዳለ፣ የፋብሪካው ታሪክ እንደዚህ ነው የተመዘገበው አለ። በምዝገባ ደረጃ እውነቱን ነው። ቁልፉ መሸጥ ሲጀምር የኮምዩኑ፣ የያኔው የአካባቢ አስተዳደር፣ ጸሐፊ የነበረው ሁዎ ለቢሊያን የኮምዩኑን ስም የያዘ የእንጨት ሰሌዳ ሰጥቷት በር ላይ ሰቀለች። ለስሙ በየዓመቱ ኪራይ ትከፍላለች። ሰዎች ይህን «ቀይ ባርኔጣ መድፋት» ይሉታል፤ ውስጡ የግል፣ ጭንቅላቱ ላይ የመንግሥት። ያኔ ባርኔጣ ያልደፋ ነጋዴ የለም። ኋላ ባርኔጣ ማውለቅ ሲፈቀድ ሰሌዳው ወረደ፤ ታሪኩ ግን እንደተሰቀለ ቀረ።

ሻንገን ወረቀቱን መለሰና የሚፈልገውን ተናገረ፤ የእሷና የእሱ ስም እንዲነሳ፣ እስሩም እንዲነሳ። ይህ ካልሆነ ነገ ሬሳው አይወጣም። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ ሻዩ ውስጥ ፊቱን ቀበረ። ፓን ሳይቆጣ፣ ጉዳዩ የድሮ ስለሆነ በጊዜው የነበረ ኃላፊ ካረጋገጠው ማየት ይቻላል፣ ጓድ ሁዎ አሁንም በሕይወት አሉ፣ ሰው ይላክላቸው ብሎ ተነሣ።

ፓን እንደወጣ ዪሚንግ አጎቱን በክንዱ ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደው።

«አጎቴ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ። የአዲሱ ፋብሪካ መሬት ገና አልተፈረመም። የሚፈርመው ማን መሰለዎት?»

«እናትህ በሕይወት እያለች ለሁዎ ታጎነብስ ነበር። አንተ ለፓን። ልጅህ ደግሞ ለፓን ልጅ።»

«ምን እናድርግ ታዲያ? እርስዎ ቀና ብለው ኖረው ምን አተረፉ? ጎማ ነው የለጠፉት።»

ዪሚንግ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ደነገጠ፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ጎንበስ አለ። ሻንገን ግን እጁን አስለቅቆ ሄዷል። መንገዱን ተሻግሮ እስከ ፋብሪካው በር ደረሰ። ሥራ አልቆመም፤ ለሐዘን የቆመው የፊት ለፊቱ ሕንፃ ብቻ ነው። በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየ። ማሽኖቹ ብቻቸውን ይበሳሉ፣ ብቻቸውን ይለቅማሉ። አንዲት ሴት በመካከላቸው ስልኳን እያየች ትመላለሳለች።

የዪሚንግ ንግግር ቆዳው ሥር ገብቶ ያሳክከው ጀመር። እህቱም አንድ ቀን እዚያው ጎማ መለጠፊያው ድረስ መጥታ ነበር። በየዓመቱ ለአዲስ ዓመት በሾፌሯ የምትልክለትን የአሳማ እግር ለጎረቤት ውሻ እንደሚጥለው ሰምታ ነው የመጣችው። መኪናዋን ራቅ አድርጋ አቁማ፣ በእግሯ። ፓርቲው የፋብሪካ ባለቤቶችን በአባልነት መቀበል የጀመረበት ጊዜ ስለሆነ ዓርማው በደረቷ ላይ አዲስ ነበር። ሻንገን ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ «ሸጥሽኝ» አላት። «ፋብሪካሽን ለማትረፍ ስሜን ሰጠሽ።»  «እሺ፣ ሸጥኩህ» አለች። «ሥጋውን ግን ብላው። ውሻው ወፍሯል።» ይህን ብላ ሄደች። እሱም ያን «እሺ» እንደ ፍርድ ወረቀት ይዞት ኖረ። ከገዛ አፏ የወጣ።

* * *

ሽማግሌው ሁዎ ሴት ልጁ በክንዱ ደግፋው መጣ። ጥርስ አልቀረውም፤ ጆሮው ግን ደህና ነው፣ ምላሱም። በሣጥኑ ፊት ቆሞ «ቢሊያን፣ ቀደምሽኝ እኮ፤ ኪራይ ሳትከፍዪኝ» አላት። ሰዎች ሳቁ። ወንበር ተሰጠው፤ ሻንገን ከጎኑ ተቀመጠ። ሻይ ቀርቦ፣ ሽማግሌው ሻዩን እፍ እያለ፣ ፓን ስለላከበት ጉዳይ የጠየቁትን ሁሉ እንደሚያረጋግጥ ነገረው። ማሽኑ መኝታ ቤት ነበር? ነበር። ሰሌዳው የብድር ነበር? ነበር። ሻንገን ታስሯል? በደንብ ነዋ።

ሻንገን ያሰበው ሁሉ ሞላ። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ሞልቶ ይቀር ነበር። ግን የሚያሳክከው ነገር አላስቀመጠውም።

«ስሜን የሰጠችዎ ጊዜ ምን አለችዎ?» ብሎ ጠየቀ።

«ማን?»

«እህቴ።»

ሁዎ ሻዩን አስቀመጠ። የሐብሐብ ፍሬ ከሚፈለፍሉት ሴቶች ራቅ እንዲሉ ፈለገ፤ ሻንገን ወንበሩን ተሸክሞ እስከ ጓሮው የውሃ ጋን አጠገብ ወሰደው።

ሽማግሌው የነገረው ይህን ነው። የዚያን ጸደይ ከላይ ትእዛዝ ወረደ፤ በየኮምዩኑ በሕገ ወጥ ንግድ የከበረ ሰው ተይዞ ይቅረብ። የለም ማለት አይቻልም፤ የለም ያለ ጸሐፊ ራሱ ይቀርባል። ቀይ ባርኔጣ ያበደረ ሰው አንድ ቀን ከሥሩ ጭንቅላት እንደሚጠየቅ ሁዎ ያውቅ ነበር። ወሬው ሲሰማ ቢሊያን በምሳ ሰዓት ቢሮው ገባች። እሱ ኑድሉን እየበላ ነው። የክረምት ካፖርቷን በጨርቅ ጠቅልላ፣ የጥርስ ብሩሿን በላዩ ሰክታ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

«‹ፋብሪካው የኔ ነው፣ ውሰደኝ› አለችኝ» አለ ሁዎ። «‹ቤትሽ ግቢ› አልኳት። ‹አንቺን ካሰርኩ ቁልፉን ማን ይሸጣል?› የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ከየት ተሠራ? የአስተማሪው ደሞዝ፣ የትራክተሩ ነዳጅ ከየት ይመጣል? ከእሷ ነዋ። ኮምዩኑ ከእሷ እጅ ነው የሚበላው።»

«እና?»

«እና ‹ማንን?› አለችኝ። ‹ወንድምሽን› አልኳት።»

የውሃው ጋን ጠብ ጠብ ይላል። ሻንገን ሽማግሌውን ሳይሆን ጋኑን ያያል።

«እናቴን ሰደበችኝ። ኑድሌን ደፋችው። እኔም እውነቱን ነገርኳት። ‹ቁልፍ የሚሸጥ ሰው በዚህ አገር አንቺ ብቻ ነሽ። እጀታውን ማንም ያዞረዋል።› በማግስቱ የአጎቴን ልጅ አስገባሁላት፣ አዞረው። ደህና አድርጎ ነበር የሚያዞረው፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«አስማለችኝ። ‹ሸጠችኝ ብሎ ይጥላኝ፤ ለምንም ስለማይጠቅም ተጣለ ተብሎ ከሚኖር› አለች። አሁን ሞታለች፣ እኔም ደርሻለሁ። መሐላው ለማን ይሆናል?» ሽማግሌው የሻንገንን ጉልበት መታ መታ አደረገ። «አትዘን ልጄ። እኔንም ኋላ ጥለውኛል።»

ሁዎ ልጁን ጠርቶ ሄደ። ሻንገን ጋኑ አጠገብ ቀረ። ተነሣ፤ ተቀመጠ። አንድ ነገር የጠፋበት ሰው ይመስል ኪሱን ደባበሰ። ሰው የሚሸጠው ዋጋ ቢኖረው ነው። ያን ሁሉ ዘመን ድንጋይ ሲፈልጥም፣ ጎማ ሲለጥፍም፣ የተሸጠ ሰው ነበር። ይህ ክብር አለው። የሚጠላው ሰው አለው፤ የሚጠብቀው ቀን አለው። አሁን በአንድ ስኒ ሻይ ሁለቱም ተወሰዱበት። እንደዚያ ጆንያ ውስጥ እንዳለ ቁልፍ፣ ጣት ገብቶ፣ ሳያየው፣ ይሄ ይውጣ ብሎ ነበር ያወጣው። የእህቱ ጣት እንኳ አልነበረም።

ከሁሉ ያንገበገበው ደግሞ ሁዎ ልክ መሆኑ ነው። ራሱ በሁዎ ቦታ ቢሆን ማንን ይመርጥ ነበር? አሰበው። ደግሞ አሰበው። ጥላቻውን ሊመልስ ሞከረ፤ «ለምን ሁለታችንንም አላሳሰረችም?» አለ፤ «ለምን አልሸሸንም?» አለ። አንዱም አልያዘለትም። ያንን «እሺ፣ ሸጥኩህ» ያለችበትን ድምፅ ፈለገ። ሲሰማው ለካ የሰለቸ ድምፅ አልነበረም። ከባድ ዕቃ ተሸክሞ ሸክሙን ለማሳረፍ የማይፈልግ ሰው ድምፅ ነበር።

አመሻሽ ላይ ፓን ለዪሚንግ ስልክ ደውሎ፣ ጓድ ሁዎ ሁሉን ስላረጋገጡ ዓረፍተ ነገሩ መጨመሩን ነገረው። ዪሚንግ ደስ ብሎት ሮጦ መጣ። አጎቱ ግን «ሻይ አለ?» ብቻ አለው።

* * *

ጠዋት ነጭ የለበሱ ሴቶች የሙዚቃ ጓድ የፓርቲውን መዝሙር ተጫወተ፤ ቀጥሎ፣ መሪዋ ስትሳሳት ይሁን ሌላ ስለማያውቁ፣ የሠርግ ዘፈን። ማንም አላረማቸውም። የቁልፍ ነጋዴዎች ከአጎራባች ከተሞች በመኪና መጥተው መንገዱን ሞሉት። ሣጥኑ ላይ ቀይ ባንዲራ ተደርቧል፤ ፊቷ ጋ ያለው መስታወት ብቻ ክፍት ነው።

ፓን ንግግሩን አነበበ። የኮምዩኑ አመራር፣ የጋራ ፋብሪካው፣ ከመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች አንዷ፤ ሁሉም እንዳለ ነበር። ከዚያ፣ «ወንድማቸው ጓድ ሉ ሻንገንም ከመሥራቾቹ አንዱ ሲሆኑ፣ በጊዜው በተፈጸመ ስህተት ጉዳት ደርሶባቸዋል» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀለት። አንድ የድሮ ጎረቤት አውራ ጣቱን አነሳለት። ይህን ዓረፍተ ነገር ሲያልመው ምናልባት ጮክ ብሎ እንደሚስቅ ነበር የሚያስበው። አሁን ስለማያውቀው ሰው እንደተነበበ ሆኖ አለፈው። ስህተት አልነበረም። ማንም አልተሳሳተም። ምርጫ ነበር፤ አንዱ ይወጣል፣ አንዷ ትቀራለች፣ ጣሪያው ይሠራል። ይህን ደግሞ ፓን አያነበውም፤ እሱም አይነግራቸውም። ቢነግራቸው ምን ይላቸዋል?

ዪሚንግ ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነካ።

«አጎቴ፣ እናቴ ትሂድ?»

ተሸካሚዎቹ እጃቸውን የመሸከሚያ ዘንጎቹ ላይ አድርገው ጠበቁ። የማቃጠያው መኪና ሾፌር ሰዓቱን አየ። ሻንገን ያን ሁሉ ዘመን ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ ከጎማ መለጠፊያው ሙጫ ጋር አብሮ የተቦካ። አፉን ከፈተ።

«ትሂድ» አለ።

ድምፁ ቀጭን ሆኖ ስለወጣ ከኋላ ያሉት አልሰሙትም። ዪሚንግ ግን ሰምቶ ተነሣ፤ ሣጥኑም ተነሣ። ከአዳራሹ ደጃፍ ሲወጡ የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ መስታወቱ ላይ አረፈች። ሙት ሰማይ እንዳያይ ጥቁር ጃንጥላ የሚይዝላት ሰው መኖር ነበረበት። በግርግሩ የተረሳ ይሁን፣ የፓርቲው ቅርንጫፍ ይቅር ብሎት ይሁን፣ ጃንጥላ የያዘ የለም። ዪሚንግ ወዲያ ወዲህ አየ፤ ሚስቱ ወደ ቤት ሮጠች። ተሸካሚዎቹ ግን መቆም አልቻሉም፤ ዘንጎቹ ትከሻቸው ላይ ናቸው።

ሻንገን በሁለቱ ተሸካሚዎች መካከል ተሽሎክሉኮ ገባ። መዳፉን ዘርግቶ በመስታወቱ ላይ፣ ልክ በዓይኖቿ አናት፣ አስቀመጠ። ጥላው ከግንባሯ እስከ አፍንጫዋ ወረደ። ሣጥኑ ሲሄድ አብሮ ሄደ፤ እርምጃው ከተሸካሚዎቹ ጋር አልገጠም፣ እየተደናቀፈ። አንዱ «አባት፣ ይልቀቁ፣ ይወድቃሉ» አለው። ብርዱ በመዳፉ ገብቶ እስከ ክንዱ ወጣ፤ ጣቶቹ ደነዘዙ። የዪሚንግ ሚስት ጃንጥላውን ይዛ ደርሳ ከበላዩ ዘረጋችው።

እጁን አላነሳም።